ግቢ ያለው መኪናውን ያሳርፋል

አዲስ አበባ ውስጥ ሸራ ለብሳ የተኛች መኪና ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጎማዋ ተንፍሷል፤ ከሥሯ ሣር በቅሏል፤ የሰፈሩ ድመት ወልዳባታለች። ባለቤቱ ወይ ውጭ አገር ነው፣ ወይ መለዋወጫ እስኪመጣለት ይጠብቃል፣ ወይ ደግሞ ወራሾቹ ፍርድ ቤት እየተመላለሱ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን የሚጠይቀው መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ነው። አጥር ውስጥ የተኛችውን «ምን ሆነሽ ነው?» የሚላት የለም።

እኔ በምኖርበት በእንግሊዝ አገር ግን መኪና ዝም ብላ አትተኛም። ለመተኛትም ማስታወቅ ያስፈልጋል። ድሮ ግብር የሚከፈለው በሕዝብ መንገድ ላይ ላለ መኪና ብቻ ስለነበር፣ ያልከፈለ ሁሉ «ኧረ ቆማለች እኮ!» እያለ ያመልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 31 ቀን 1998 ጀምሮ ግን ግብር የማይከፍል ባለቤት መኪናው ከመንገድ ውጪ መሆኗን ለመንግሥት እንዲያስታውቅ ተገደደ። ማስታወቂያው በምሕጻረ ቃል «ሶርን» ይባላል። የእኛ ሰውም አማርኛ አድርጎታል፤ «መኪናዬን ሶርን አደረግኳት» ይላል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ደግ ነው። ማስታወቂያው በነፃ ነው። መጀመሪያ ላይ በየዓመቱ ይታደስ ነበር፤ ከዲሴምበር 2013 ወዲህ ግን መኪናዋ እንደገና ግብር እስኪከፈልባት፣ እስክትሸጥ ወይም እስክትፈርስ ድረስ ይጸናል። አስቀድሞ የተከፈለ ግብር ካለ የቀሩት ሙሉ ወራት ሒሳብ ይመለሳል። መድን የመግባት ግዴታም ይነሣል። የተኛች መኪና ወደ መንገድ መውጣት የሚፈቀድላት አስቀድሞ ወደተያዘ የቴክኒክ ምርመራ ቀጠሮ ስትሄድ ነው፤ ልክ እንደ በሽተኛ ለሐኪም ብቻ። ከዚያ ውጪ ሲነዳት የተገኘ ፍርድ ቤት ቀርቦ እስከ 2,500 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል።

ያላስታወቀስ? 80 ፓውንድ ቅጣት በፖስታ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል፤ ፈጥኖ ከከፈለ በግማሽ ይቀነስለታል። ከጁን 2011 ጀምሮ ደግሞ መድኑም በዚሁ መንገድ ሄደ። ከዚያ በፊት ያለ መድን የሚነዳውን ፖሊስ መንገድ ላይ መያዝ ነበረበት። አሁን የመኪና ምዝገባው መዝገብና የመድን ድርጅቶች መዝገብ በኮምፒዩተር ይተያያሉ። መድን የሌላት፣ «ተኝታለች» ያልተባለችም መኪና ከተገኘች ባለቤቱ 100 ፓውንድ ይጠየቃል፤ ካልሰማ መኪናዋ ጎማዋ ላይ ብረት ሊታሰርባት፣ እሱም ፍርድ ቤት ቆሞ እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። ሳይነዳ፣ ማንንም ሳይገጭ! ጥፋቱ ዝም ማለቱ ነው።

ይህን ሁሉ «የፈረንጅ ጣጣ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ዓላማውን እደግፋለሁ። ምክንያቴ ከወደ ፖርቱጋል የመጣ አንድ የፍርድ ጉዳይ ነው። አንዲት ሴት ጤና አጥታ መንዳት አቆመችና መኪናዋን ግቢዋ ውስጥ አቆመቻት። መድን አልገባችላትም፤ መኪናዋን ከአገልግሎት ውጪ ማድረጓንም ለመንግሥት አላስታወቀችም። በኖቬምበር 2006 ልጇ ሳያስፈቅዳት መኪናዋን ይዞ ወጣ። መኪናዋ ከመንገድ ወጣችና ልጁም፣ አብረውት የነበሩት ሁለት ሰዎችም ሞቱ። የሟቾቹን ቤተሰቦች የካሰው የአገሪቱ የዋስትና ፈንድ ከዚያ በኋላ እናትየዋን ከ400 ሺህ ዩሮ በላይ እንድትከፍል ጠየቃት። ክርክሩ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በሴፕቴምበር 2018ም በሕጋዊ መንገድ ከአገልግሎት ያልወጣችና መነዳት የምትችል መኪና ግቢ ውስጥ ብትቆምም መድን ሊኖራት ይገባል ተብሎ ተፈረደ።

ልጇን የቀበረች እናት ላይ ይህ ዕዳ መምጣቱ አንጀት ይበላል። ነገር ግን የሁለቱ ተሳፋሪዎች ቤተሰብም ቤተሰብ ነው። ማን ይካሰው? የቆመች መኪና ነገ ጠዋት አንድ ሰው ቁልፍ ካገኘ ትነሣለች። ስለዚህ ወይ መድን ግባላት፣ ወይ መተኛቷን ተናገር የሚለው ሕግ ሚዛን ያለው ነው።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ሶርን የተደረገች መኪና በሕዝብ መንገድ ዳር መቆም አትችልም። ጋራዥ፣ ከቤት ፊት የግል ማቆሚያ፣ ወይም ሌላ የግል ቦታ ያስፈልጋታል። እዚህ ላይ ሕጉ ሳያስበው ሰውን ለሁለት ይከፍለዋል።

እስቲ ሁለት ጎረቤታሞችን አስቡ። ሁለቱም እናታቸው ታመውባቸው ለሦስት ወር አገር ቤት ሊሄዱ ነው። አንደኛው ከከተማው ዳር የራሱ ግቢ ያለው ቤት አለው። ኢንተርኔት ላይ ሁለት ደቂቃ ተቀምጦ ያስታውቃል፤ የተረፈ ግብሩ ይመለስለታል፤ ከፈለገ መድኑን ያቋርጣል። ሁለተኛዋ የካውንስል ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ የሌሊት ፈረቃ ስለምትሠራ ያለ መኪና አይሆንላትም። መኪናዋ የምታድረው መንገድ ዳር ነው። ስለዚህ ለማትነዳት መኪና ግብሩንም መድኑንም መክፈል፣ ወይ ጋራዥ መከራየት፣ ወይ ግቢ ያለው ወዳጅ ደጅ መጥናት፣ ወይ መሸጥ አለባት። የመድን ድርጅቶች ደግሞ ዋጋ ሲያወጡ የሰውየውን ሰፈርና መኪናው የሚያድርበትን ቦታ ጭምር ያያሉ። እንግዲህ ማረፍ የበለጠ የሚያስፈልጋት እሷ ሆና ሳለ ማረፍ የተፈቀደው ለእሱ ነው።

«መንገድ የሕዝብ ነው፤ የመኪና መጋዘን አይደለም» የሚል መልስ ይመጣል። ልክ ነው። ግን ግብርና መድን ያላት መኪናም እኮ፣ የማቆሚያውን ደንብ እስካከበረች ድረስ፣ እዚያው ቦታ ላይ ሦስት ወር ሳትነቃነቅ ልትቆም ትችላለች! ያዘችው ቦታ ያው ነው። እውነተኛው ምክንያት ለቁጥጥር መመቸቱ ነው። መንገድ ላይ ግብር ያልተከፈለባት መኪና ሁሉ ጥፋተኛ ከሆነች ተቆጣጣሪው አይደናገርም። የተኙትም መንገድ ዳር ይቁሙ ከተባለ ያለ መድን የሚነዱት «ተኝታለች» እያሉ ይደበቃሉ። ይህንንም እቀበላለሁ።

መፍትሔ ግን አይታጣም። ብዙ የመኖሪያ ሕንፃዎች የራሳቸው መኪና ማቆሚያ አላቸው፤ ብዙ ጊዜ ግን የአከራዩ ደንብ ግብር ያልተከፈለባት መኪና እንዳትቆምበት ይከለክላል። ይህን ደንብ ማንሣት፣ ጥቂት ቦታም ለተኙ መኪኖች መለየት ማንን ይጎዳል? ወይም ግቢ የሌለው ሰው መድኑን ሳያቋርጥ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ለተወሰኑ ወራት ግብሩ ብቻ እንዲቆምለት ይደረግ። ያን ጊዜ ለተጎጂ ካሳ የሚሆነው ዋስትና አይነካም። ግቢ ላለው የሚመለሰው ገንዘብ ለሌላትም ይመለሳል።

ይህን ለምን ለአዲስ አበባ አንባቢ ታወራለህ የሚል አይጠፋም። ከተማችን ወደ ኮንዶሚኒየም እየወጣች ነዋ! ሸራ ለብሳ የምትተኛዋ መኪና ግቢ ነበራት፤ የዛሬዋ ግን ከብሎኩ ሥር ከሌሎች ሃምሳ መኪኖች ጋር ትጋፋለች። አንድ ቀን የእኛም ሕግ አውጪ «የተኛች መኪና ትመዝገብ» ማለቱ አይቀርም፤ ማለቱም ተገቢ ነው። ያን ዕለት ረቂቁን የሚጽፈው ሰው፣ መኪናዋን ከብሎኩ ሥር አቁማ እናቷን ልታስታምም ገጠር የምትወርደውን የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ የት አቁሚ እንደሚላት አስቀድሞ ያስብ።