ለጃርት የሚሆን አጥር

እንጦጦ ሥር ባሉ ግቢዎች አትክልት ለማልማት የሚነሡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዘር ይጠይቁኛል። እኔ ግን አስቀድሜ የማየው የአጥሩን ሥር ነው።

መደቡ ብዙ አያስቸግርም። ስፋቱ ከ1 ሜትር ከ20 ካልበለጠ ከሁለቱም ወገን እጅ መሃሉ ስለሚደርስ አፈሩ አይረገጥም። በግንቦት ብስባሽ ተቀላቅሎበት ዝናቡን ከጠበቀ ጎመኑም ቆስጣውም ያምራል። ድንችና ካሮት ያለ አጥር መትከል ግን ለጃርት መገበር ነው።

ሌሊት ማን እንደገባ ጠዋት ንክሻው ይናገራል። ጥንቸል የበላችው ግንድ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል፤ ሰያፍና ንጹሕ ነው። ሚዳቋ ላይኛው መንጋጋዋ ላይ የፊት ጥርስ ስለሌላት ቅጠሉን ቦጭቃ ነው የምትሄደው። ፍልፈል አፈር ቆልሎ ተክሉን ከሥር ይጎትታል። ጃርት የገባበት መደብ ተቆፋፍሮ፣ ድንቹ ተገምጦ ይገኛል፤ በተረፈው ላይ የሰፋፊ ጥርሶቹ ቦይ ጎን ለጎን ይታያል። አንዳንዴ ጥቁርና ነጭ እሾህ አፈሩ ላይ ወድቆ ይቀራል። ጃርት እሾሁን ይወረውራል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ረግፎ ነው።

ጃርት ከባድ እንስሳ ነው፣ መውጣትም መዝለልም አይሆንለትም። ሙያው መቆፈርና ማኘክ ነው። ስለዚህ አጥሩ 1 ሜትር ከፍ ካለ ይበቃል፤ ልፋቱ ከታች ነው። 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ቦይ ቆፍሮ ወፍራም ሽቦ ወይም አሮጌ ቆርቆሮ መቅበር ያስፈልጋል። ሽቦ ከሆነ ጫፉን ወደ ውጭ አጥፎ ማስተኛት ነው፤ ጃርት አጥሩ ሥር ተጠግቶ ስለሚቆፍር ጥፍሩ የታጠፈው ላይ ያርፋል። ቀጭኑን የዶሮ ሽቦ አልመክርም፣ በጥርሱ ይበጥሰዋል።

ጦጣ በዛፍ ለሚመላለስበት ግቢ ይህ ሁሉ አይረዳም። እዚያ ከሰውና ከውሻ የተሻለ ጠባቂ አላየሁም።

መርዝ እናድርግ ለሚሉኝ ጎረቤቶች እምቢ እላለሁ፣ ይህን ደግሜ ደጋግሜ እናገራለሁ። የሞተውን ጃርት ጅብ ይበላዋል፣ ጥንብ አንሣ አሞራም ይወርድበታል። በአፍሪካ ጥንብ አንሣዎች እየተመናመኑ ካሉባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ መርዝ ነው። ለአንድ መደብ ድንች ይህን ያህል ዕዳ አይገባም።

ብዙ ሰው የሚረሳው በሩን ነው። ዙሪያው ሁሉ ተቀብሮ ከበሩ ሥር ለስላሳ አፈር ከቀረ ጃርት እዚያው ይቆፍራል። ደፉ በሲሚንቶ የተያያዘ ድንጋይ ይሁን፤ በሩ ሲዘጋም ከሥሩ ጣት አያስገባ።