የመንገድ ዳኛ ያጣ ሸንጎ

በቀድሞው የአገራችን ሥርዓት ሁለት ሰዎች በገንዘብ ወይም በርስት ሲካሰሱ ዳኛ ፍለጋ የግድ ከተማ አይወርዱም ነበር። መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው አቁመው ነገራቸውን ያሰሙታል፤ አንዱ «ተጠየቅ» ብሎ ሲነሣ ሌላው ይመልሳል፤ አላፊ አግዳሚውም ዙሪያውን ከቦ ያዳምጣል። «የመንገድ ዳኛ» የሚባለው ያ ሰው ሕግ የተማረ ላይሆን ይችላል። ክርክሩ የሚካሄደው እሱ በሚሰማው ቋንቋ ነበረና ግን እውነቱ ወዴት እንዳጋደለ ለማየት አይቸገርም።

ይህን ነገር ያስታወሰኝ በቅርቡ አትላንታ ከሚገኙት ዩኒቨርሲቲዎች በአንደኛው የተቀመጥኩበት ስብሰባ ነው። በማክሮኢኮኖሚክስና በፋይናንስ ለዶክትሬት የሚማሩ ወጣቶች ገና ያላለቀ ጥናታቸውን እያቀረቡ እርስ በርስ የሚተቻቹበት ስብሰባ ነበር። ከኮንየርስ ድረስ ያስነዳኝ ከአቅራቢዎቹ አንዱ የእኛ ልጅ መሆኑ ነው። «ጋሼ፣ ጥናቴ ከውጭ አገር ለቤተሰብ ስለሚላክ ገንዘብና ስለ ብር ምንዛሪ ነው፤ መጥተው ቢሰሙልኝ ደስ ይለኛል» ሲለኝ እምቢ ማለት አልሆነልኝም። የታክሲውን ሥራ ለግማሽ ቀን ትቼ ሄድኩ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመሰገነውን ላመስግን። በዚያ ክፍል ውስጥ የመተቸት ተራ የደረሰው ሰው ጽሑፉን አስቀድሞ አንብቦ ይመጣል። ንግግሩን በወቀሳ አይጀምርም፤ መጀመሪያ የአቅራቢውን ሐሳብ ከራሱ ከአቅራቢው በተሻለ ሁኔታ አሳጥሮ ይናገራል። ቀጥሎ ማስረጃው የላላበትን ቦታ ያሳያል፤ በመጨረሻም እንዴት ሊጠገን እንደሚችል ይጠቁማል። ተተቺውም አይቆጣም፤ ማስታወሻ ይይዛል። በእኛ ማኅበራት ስብሰባ ላይ ሐሳብ ያቀረበ ሰው የሚጠብቀው ወይ ጭብጨባ ወይ ጠብ መሆኑን ለምናውቅ ይህ ብቻውን ትልቅ ትምህርት ነው። ልማዱ የፈረንጅ ብቻ ነው እንዳይባልም፣ በ1988 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተውና መቀመጫው ናይሮቢ የሆነው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ምርምር ኅብረት በዓመት ሁለት ጊዜ በሚያደርገው ጉባኤ የብዙ አፍሪካውያንን ጥናት በዚሁ ዓይነት ወንፊት ሲያበጥር ቆይቷል።

ወደ ልጁ ጥናት ልመለስ። አንባቢ እንደሚያስታውሰው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ ዓመት ሳይሞላም ከ130 ብር አለፈ። ጥናቱ የሚጠይቀው እንግዲህ ይህ ነው፦ ምንዛሪው ሲለወጥ በውጭ የሚኖረው ወገን የሚልከው ገንዘብ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? መልሱን የሚፈልገውም ባንኮች ከመዘገቡት አኃዝ ነው።

ተቺዎቹ ያነሡት የመጀመሪያ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነበር። ሰው ብዙ ገንዘብ የላከው ምንዛሪው ስላማረው ነው ወይስ በዚያው ወር አገር ቤት ኑሮ ስለከበደ? ጃንጥላ በዛ ማለት ጃንጥላ ዝናብ አመጣ ማለት አይደለምና ምክንያትና ውጤት መለየት አለበት። ድሮ ሒሳብ አስተምር ስለነበር ሰሌዳው ላይ የነበረውን ቀመር በደምሳሳው መከተል አላቃተኝም። በቀመሩ ቅርጽ ላይ ግን ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጁ። ከዚያ አንዱ «ያልተመዘገበውስ ገንዘብ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው «የመለኪያ ስሕተት ነው፣ በግርጌ ማስታወሻ ይገለጽ» አለና ታለፈ። ግማሽ ደቂቃ አልሞላም።

እኔን ያንገበገበኝ ይኸው ነው። ለእነሱ የግርጌ ማስታወሻ የሆነው ለእኛ ዋናው ነገር ነው። የባንኩና የጥቁር ገበያው ዋጋ በተራራቀበት ዘመን ምን ያህሉ ገንዘብ በሐዋላ ቤት፣ ምን ያህሉ በሰው እጅ ይሄድ እንደነበር በየቤታችን እናውቃለን። ሁለቱ ዋጋዎች ሲቀራረቡ ብዙው ሰው ወደ ባንክ ተመለሰ እንበል። የባንኩ መዝገብ «የሚላከው ገንዘብ ጨመረ» ብሎ ይመሰክራል፤ ጎጃም ወይም ወሎ ያለችው እናት ግን በወር የሚደርሳት ያው 200 ዶላር ነው። ገንዘቡ መንገድ ቀየረ እንጂ አልበዛም። ይህን ሳይለዩ የተጻፈ ድምዳሜ ነገ ፖሊሲ ለሚያወጣ ሰው የተሳሳተ ምክር ይሆናል።

ታዲያ ይህን እዚያው ተናገርኩ? አልተናገርኩም። ስብሰባው ሲያበቃ ልጁን ወደ ቤቱ ሳደርሰው መኪና ውስጥ በአማርኛ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ጋሼ፣ ይህን እዚያ ለምን አልጠየቁም?» አለኝ። እንግሊዝኛ ቸግሮኝ ነው እንዳልል ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር የማወራው በእንግሊዝኛ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ክፍል ቋንቋ ያልተነገረ ጥያቄ ጥያቄ መስሎ አልታየኝም ነበር። እኔም በተራዬ «እስቲ የጥናትህን ፍሬ ነገር እናትህ በሚገባት አማርኛ ንገረኝ» አልኩት። ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ በእንግሊዝኛ ጨረሰው። ሁለታችንም ሳቅን፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ቃል አጥተን ነው እንዳንል ወለድ፣ አራጣ፣ መያዣ፣ ዋስ፣ ምንዛሪ፣ የዋጋ ንረት የምንላቸው ቃላት የራሳችን ናቸው። ዕቁብ የጠጣ ሰው ቀድሞ የደረሰው ቢክድ ምን እንደሚከተል፣ ዋስ ለምን እንደሚያስፈልግ ያለ መምህር ያውቃል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስለ ሥራ፣ ስለ ንግድና ስለ ገንዘብ የተመራመሩበትን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት በአማርኛ ነበር። መጽሐፉ እሳቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። በጀርመን አገር የተማሩ ሰው ስለነበሩ በውጭ ቋንቋ መጻፍ አቅቷቸው አይደለም፤ ሊያስረዱት የፈለጉት ወገናቸውን ስለነበር ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ማኅበር ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚያወጣው የጥናት መጽሔት በእንግሊዝኛ ነው።

ይህን ስል እንግሊዝኛ ይቅር ማለቴ አይደለም። ዓለም የማያነበው ጥናት በዓለም ፊት አይፈተንም። ነገር ግን በዚያው በ1992 (እ.ኤ.አ.) ለሃያ ዓመት ያህል 2 ብር ከ7 ሳንቲም የነበረው የዶላር ዋጋ 5 ብር ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ምንዛሪው ሲለቀቅ፣ ለአብዛኛው ሰው የደረሰው ወሬው እንጂ ምክንያቱ አልነበረም። ምክንያቱን የሚያውቁት ሰዎች እርስ በርስ ተነጋግረው ከጨረሱ የቀረነው ለአሉባልታ እንጋለጣለን።

ስለዚህ ለዶክትሬት ተማሪዎቻችን አንድ ነገር ልለምን። በዩኒቨርሲቲው ክፍል የምታቀርቡትን ጥናት ለግማሽ ሰዓት ያህል ክላርክስተን ባለ አዳራሽ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ግቢ፣ በአማርኛም ሆነ በሌላው ቋንቋችን አቅርቡልን። ከተቺዎቻችሁም አንዱ ገንዘቡ የሚጠናበት ሰው ይሁን። እኛም ብንሆን ከወቀሳ አናመልጥም። ስለ ዶላር ዋጋ ቡና ቤት ሌሊቱን ስንከራከር እያደርን፣ ስለዚሁ ጉዳይ የሚያጠና ልጅ ሲጠራን «ሥራ አለብኝ» እንላለን። ከሄድንም እንደ እኔ አፋችንን ዘግተን እንመለሳለን።

ልጁ ጥናቱን ገና አልጨረሰም፤ ጊዜ አለው። እኔም በዚያ ክፍል የዋጥኩትን ጥያቄ እነሆ በዚህ ገጽ አቅርቤዋለሁ፦ ገንዘቡ በዛ ወይስ መንገድ ቀየረ? ተጠየቅ!