«የክፍል አስተባባሪ» ወይስ «የዋርድ አገናኝ»?
ስለ አንድ የሆስፒታል ሙያ ስያሜ የቀረበ ሂስ

በቀድሞው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተጀመረው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ቃላት ሥራ በ1989 ዓ.ም. በመዝገበ ቃላት መልክ ለንባብ እንደበቃ ይታወቃል። እንዲህ ያለው ሥራ በባሕርዩ ነገርን ከስሙ ጋር ያገናኛል። ሰውን ከሰው የሚያገናኙ ሙያዎች ሲሰየሙ ግን ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ለዚህ አስረጅ ይሆን ዘንድ አንድ ስያሜ እንመርምር።

በአሜሪካ የሁለት ዓመት የማኅበረሰብ ኮሌጆች ከሚሰጧቸው ሥልጠናዎች አንዱ በሆስፒታል የነርሶች ጠረጴዛ ዘንድ የሚሠራ ሠራተኛን ይመለከታል። ይህ ሠራተኛ የሐኪሙን ትእዛዝ ወደ ላቦራቶሪ፣ ወደ ራጅ ክፍልና ወደ መድኃኒት ቤት ያስተላልፋል፤ የታካሚውን ካርድ ያደራጃል፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ይመዘግባል፤ ለቤተሰብም ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ ይሰጣል። ቀድሞ «የዋርድ ጸሓፊ» ይባል ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. የሙያ ማኅበር ከተቋቋመ ወዲህ ሌላው ስሙ ጸንቷል፤ ይኸውም ቃል በቃል ሲተረጎም «የክፍል አስተባባሪ» ይሆናል። በእኛ አገር ሥራው በነርሱ፣ በካርድ ክፍል ሠራተኛው፣ በራነሩ፣ እንዲሁም በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ባመጣው ላይዘን መካከል ተከፋፍሏል። የቀረውን አስታማሚው ይሸከመዋል።

ስያሜው በሥራ ላይ ሲፈተን ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ መቱ እንሂድ። የመቱ ካርል ሪፈራል ሆስፒታል ከጎሬ፣ ከሁሩሙ፣ ከያዮና ከሌሎቹ የኢሉባቦር ከተሞች፣ ከጋምቤላም ጭምር ለሚመጡ ታካሚዎች አገልግሎት ይሰጣል። የሐኪሙ ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ይነገራል፤ አንዳንድ ጊዜም መድረሻው አኙዋክኛ ወይም ኑዌርኛ ተናጋሪ ጆሮ ነው። ስለሆነም ጠረጴዛው የጽሕፈት ብቻ ሳይሆን የትርጉምም ጠረጴዛ ነው።

በዚህ ጠረጴዛ ላይ «የክፍል አስተባባሪ» የሚለው ስያሜ ሁለት ጉድለቶች ይታዩበታል። አንደኛው «ክፍል» የሚለው ቃል ነው። ከፈለ ከሚለው ግሥ የወጣው ይህ ስም የመኖሪያ ቤት ክፍልን፣ የትምህርት ክፍልንና የመሥሪያ ቤት ክፍልን ሁሉ ይሸፍናል። ስያሜውን የሰማ ሰው የተማሪዎች አለቃ ቢመስለው አይፈረድበትም። ወደ ኦሮምኛ ቢዞርም ችግሩ አይቀረፍም፤ «ኩታ» የሚለው ቃል ቆረጠ የሚል ፍች ካለው ግሥ የወጣ ሆኖ ክፍልንም፣ የትምህርት ደረጃንም ያመለክታልና። «ቂንዴሳ ኩታ» ቢባል የአማርኛው ብዥታ ሳይጎድል ይሻገራል። ሆስፒታሉ ራሱ የሚጠቀምበት «ዋርድ» ውሰት ቢሆንም አንድ ነገር ብቻ ያመለክታል።

ሁለተኛው «አስተባባሪ» ነው። አበረ፣ ተባበረ፣ አስተባበረ የሚለው እርባታ እንደሚያሳየው አስተባባሪ ሌሎች እንዲተባበሩ የሚያደርግ፣ በእነርሱም ላይ ድምፅ ያለው ሰው ነው። የጠረጴዛው ሠራተኛ በሐኪምም በነርስም ላይ ሥልጣን የለውም። ሥራው ማግኘትና ማገናኘት ነው፤ አልጋ ያገኛል፣ የጠፋ ካርድ ያገኛል፣ ደም ሰጪ ዘመድ ያገኛል። ከአገኘ፣ ተገናኘ፣ አገናኘ የሚመጣው «አገናኝ» ይህን በትክክል ይገልጻል፤ «አገናኝ መኮንን» በሚለው ስያሜም ከቀድሞ ጀምሮ የታወቀ ነው። ቃሉ በከተማ ንግግር ለደላላም መነገሩ የማይካድ ጉድለት ነው። ነገር ግን «የዋርድ አገናኝ» ሲባል ቅጽሉ ፍቹን ስለሚወስነው ጉዳቱ አነስተኛ ነው።

ከስያሜው ይልቅ የሚከብደው ግን ሥልጠናው ነው። የማኅበረሰብ ኮሌጆቹ ከሙያው ጎን የሥነ ሰብ ትምህርት እንዲወሰድ የሚያደርጉት ለጌጥ እንደሆነ አድርገው የሚያዩ አሉ። «ይተኛ» እና «ይውጣ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ እንውሰድ። በሆስፒታል ቋንቋ የመጀመሪያው አልጋ ይዞ ይታከም፣ ሁለተኛው ሕክምናውን ጨርሷልና ወደ ቤቱ ይሂድ ማለት ነው። አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ገበሬ ግን «አባትህ ይተኛ» ሲባል ዕረፍት እንደታዘዘለት ቆጥሮ ሽማግሌውን ወደ ቤቱ ሊመልስ ይችላል። «ይውጣ» ሲባልም ተባረርን ብሎ ሊያዝን ይችላል። ይህን የሚያስተውል ሠልጣኝ ካርድ መደርደርን ብቻ ከተማረው አይገኝም። ቋንቋን፣ ባህልንና ሥነ ምግባርን ያጠና መሆን ይኖርበታል።

«ሥነ ሰብ» የሚለው ቃል ራሱም ቢሆን በአንዱ ጸሐፊ ዘንድ የሰብአዊ ትምህርቶች ሁሉ መጠሪያ፣ በሌላው ዘንድ የአንትሮፖሎጂ አቻ መሆኑ ሳይታረም ቆይቷል። ሠልጣኙ ምን እንደሚማር ከስሙ ካላወቀ የትምህርቱን ጥቅም ሊያውቅ አይችልም።

እንግዲህ ለቃላት አዘጋጆች የምናሳስበው ይህ ነው። የሙያ ስያሜ ከውጭ መጽሐፍ ከመገልበጡ በፊት ሥራው በሚሠራበት ቦታ ይፈተን። በመቱ ደግሞ የአማርኛውና የኦሮምኛው ስያሜ ጎን ለጎን ይመረመር፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ አይሁን። አማርኛ አሳመመን ከአስታመመ ለይቶ፣ አንዱን ለሚያሳምም፣ ሌላውን ለታመመ ለሚንከባከብ የሰጠ ቋንቋ ነው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያለው ቋንቋ በሽተኛው አጠገብ ለሚቆመው ሠራተኛ ተስማሚ ስም አያጣም።