ስኳር የማይፈጭላቸው ልጆች
ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም የወተትን ስኳር (ላክቶስን)፣ ሱክሬዝ-አይሶማልቴዝ የተባለው ደግሞ ተራውን ስኳር (ሱክሮስን) እና የስታርችን ቅሪት ይፈጫሉ። ሁለቱም የሚገኙት የትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ነው። ኢንዛይሙ ሲጎድል ያልተፈጨው ስኳር ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፤ ትልቁ አንጀት ሲደርስም ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ጋዝና አሲድ ይፈጠራል። ልጁን ሆዱን ይነፋዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል። ዓይነ ምድሩ ቀጭን፣ አረፋማና የሚኮመጥጥ ሽታ ያለው ይሆናል፤ መቀመጫውም ይቀላል።

ምልክቱ ስለሚመሳሰል ጉድለቱን የሚለየው በዋናነት ጊዜው ነው። ጥሩ የሕፃናት ሐኪም ምርመራ ከማዘዙ በፊት ልጁ ምን ምግብ መቼ እንደጀመረ እናትየዋን አንድ በአንድ ይጠይቃል። ጡት እየጠባ ደህና ቆይቶ ስኳር የገባበት አጥሚት ወይም ጭማቂ ሲቀምስ ተቅማጥ የጀመረው ልጅ በሱክሬዝ ጉድለት ይጠረጠራል። ይህ በዘር የሚተላለፍ ሲሆን በግሪንላንድና በአላስካ ኢኑይቶች ዘንድ በርከት ብሎ ይታያል። ከሮታቫይረስ ወይም ከጃርዲያ በኋላ ወተት የማይስማማው ልጅ ግን አንጀቱ ተጎድቶ ላክቴዙ ለጊዜው ቀንሶበት ነው፤ አንጀቱ ሲያገግም ይመለስለታል። በዚህ ጊዜ ጡት ማስጣል ከሕመሙ የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ሲወለዱ ጀምሮ ላክቴዝ የሌላቸው ሕፃናት እጅግ ጥቂት ናቸው።

የዓይነ ምድር ምርመራው ጥንቃቄ ይሻል። የሚፈለገው ፈሳሹ ነው፤ ዳይፐሩ ከመጠጠው ስኳሩም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ዳይፐሩ ይገለበጥና ፕላስቲኩ ወደ ልጁ ገላ ይሆናል፤ የተጠራቀመው በስሪንጅ ተቀድቶ ሳይቆይ ላቦራቶሪ ይገባል። ፒኤች ከ5.5 በታች ከሆነ ስኳር እየተብላላ መሆኑን ይጠቁማል። የተለመደው የስኳር ምርመራ ላክቶስን ቢያሳይም ሱክሮስን በቀጥታ አያሳይም፤ ናሙናው አስቀድሞ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር መፍላት አለበት። ይህ ከተዘለለ ሕመሙ እያለ «ስኳር የለም» የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል። ከፍ ያለ ሕፃን በትንፋሽ ሃይድሮጅን ሊመረመር ይችላል፤ በቅርቡ አንቲባዮቲክ ከወሰደ ግን ውጤቱ አያስተማምንም።

ተቅማጡ ውሃ ሲያሟጥጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) ለሁለቱም ጉድለቶች ይሆናል፤ ስኳሩ ግሉኮስ ስለሆነ መፈጨት አያሻውም። ቤት ውስጥ በስኳርና በጨው የሚበጠበጠው ግን የሱክሬዝ ጉድለት ላለበት ልጅ ተቅማጡን ያባብስበታል። ላክቴዝ ለቀነሰበት ከፍ ያለ ልጅ እርጎ ከወተት ይሻላል፤ የእርጎው ባክቴሪያዎች ከስኳሩ ከፊሉን በልተውታል። ለሱክሬዝ ጉድለት ከእርሾ የሚሠራው ሳክሮሲዴዝ የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ በ1998 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል። ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ ስታርችን ግን አይፈጭም፤ ስለዚህ መድኃኒቱን የሚወስድ ልጅም የዳቦውና የድንቹ መጠን መታየት አለበት።