አዳፕተር፦ የገጠመ ሁሉ አይሠራም

አዳፕተር የማይገጥሙ ሁለት መሰኪያዎችን የሚያገናኝ ትንሽ ዕቃ ነው። ሥራው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ የመሰኪያውን ቅርጽ ብቻ ይለውጣል፣ ወይ በገመዱ የሚያልፈውን ሲግናል ራሱን ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ ይቀይራል። የመጀመሪያው ዓይነት ሽቦን ከሽቦ ከማገናኘት ያለፈ ነገር የለውም። ሁለተኛው በውስጡ ቺፕ ስላለው ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ከውጭ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ገዢ የሚሳሳተው በእነዚህ መካከል ሲመርጥ ነው።

በዴስክቶፕ ላይ ተጨማሪ ዕቃ ከመሰካት በፊት፣ በተለምዶ ሲፒዩ የሚባለውን ሳጥን አዙሮ ጀርባውን ማየት ይቀድማል። ውስጣቸው ጥቁር ወይም ነጭ የሆኑት የዩኤስቢ ቀዳዳዎች አብዛኛውን ጊዜ 2.0፣ ሰማያዊዎቹ ደግሞ 3.0 ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው 2.0 በሰከንድ እስከ 480 ሜጋቢት፣ በ2008 የወጣው 3.0 እስከ 5 ጊጋቢት ያስተላልፋል። ኪቦርድ፣ ማውስና ፕሪንተር በ2.0 ላይ ምንም አይጎድልባቸውም፤ ሰማያዊውን ለኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መተው ይሻላል።

ቀዳዳ ሲያልቅ የተለመደው መፍትሔ አንዱን ቀዳዳ ወደ ብዙ የሚከፍለው ሃብ ነው። በዩኤስቢ አሠራር አንድ ተቆጣጣሪ እስከ 127 ዕቃዎችን ለይቶ ማወቅ ይችላል። በተግባር ግን ከቁጥሩ በፊት የሚያልቀው ኤሌክትሪኩ ነው። የ2.0 ቀዳዳ የሚሰጠው በ5 ቮልት 500 ሚሊ አምፔር ነው። የራሱ ፓወር የሌለው ባለ አራት ቀዳዳ ሃብ 100ውን ለራሱ ይይዝና ለእያንዳንዱ ቀዳዳ 100 ሚሊ አምፔር ያከፋፍላል። ይህ ለኪቦርድና ለማውስ ይበቃል። ሃርድ ዲስክ ግን መሽከርከር ሲጀምር ከዚህ ብዙ እጥፍ ይስባል፤ ኤሌክትሪኩ ሲያንሰው ቀጭ ቀጭ እያለ ይነሳል፣ መልሶ ይጠፋል። ደህናው ዲስክ ተበላሽቷል ተብሎ ጥገና ቤት የሚሄድበት ጊዜ አለ። ዲስኩን በቀጥታ ከሳጥኑ ጀርባ መሰካት ጥፋቱ የሃቡ ይሁን የዲስኩ ወዲያውኑ ይለያል።

የራሱ ፓወር ያለው ሃብ ይህን ችግር ይፈታል። የጠፋ ቻርጀሩ ሲተካ ግን ጫፉ መግጠሙ አይበቃም። አንዳንዱ ሃብ 5 ቮልት፣ አንዳንዱ 12 ቮልት ይፈልጋል፤ ክብ ጫፋቸው ግን አንድ ሊሆን ይችላል። 12 ቮልት የገባበት የ5 ቮልት ሃብ ይቃጠላል፣ የተሰካበትንም ዕቃ ይዞ ሊሄድ ይችላል። በቻርጀሩ ላይ የተጻፈው ቮልት ሃቡ ላይ ከተጻፈው ጋር እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት። የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ አቀማመጡም መመሳሰል ይኖርበታል።

ሌላ የማይታይ ጣጣም አለ። ዩኤስቢ 3.0 በሚሠራበት ጊዜ የሚያወጣው የሬዲዮ ረብሻ፣ ገመድ አልባ ማውስና ኪቦርድ የሚጠቀሙበትን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይነካል። ፋይል ኮፒ ሲደረግ ማውሱ የሚዘል ከሆነ ባትሪ ከመቀየር በፊት የማውሱን ሪሲቨር ከሰማያዊው ቀዳዳ አርቆ፣ ካስፈለገም በአጭር ማስረዘሚያ ገመድ መሰካት ነው።

በስክሪንና በፕሮጀክተር በኩል ነገሩ ይከብዳል። ቪጂኤ እ.ኤ.አ. በ1987 በአይቢኤም የመጣ ባለ 15 እግር የአናሎግ መሰኪያ ነው፤ ኤችዲኤምአይ ግን ዲጂታል ነው። በመካከላቸው የሚገባው አዳፕተር የግድ ቺፕ አለው። ቺፑ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከኤችዲኤምአዩ 18ኛ እግር ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ በዚያ እግር እንዲሰጥ የሚገደደው 55 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ አዳፕተር በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ይሠራና በሌላው ላይ ምስሉ እየበራ ይጠፋል። ስለዚህ በጎኑ የፓወር ቀዳዳ ያለውን መምረጥ ያዋጣል። ቪጂኤ ድምፅ ስለማያሳልፍ፣ ድምፅም ከተፈለገ የስፒከር ቀዳዳ ያለው ይገዛል። አቅጣጫውም አንድ ብቻ ነው፤ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው ተገልብጦ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ አይቀይርም።

የቆዩ ዕቃዎችም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ክቡ የፒኤስ 2 መሰኪያ ለኪቦርድ ሐምራዊ፣ ለማውስ አረንጓዴ ነው፤ የሚሰካውም የሚነቀለውም ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ነው። ከዩኤስቢ ማውስ ጋር የምትመጣው ትንሿ የፒኤስ 2 መቀየሪያ ቺፕ የላትም፤ የምትሠራው ሁለቱንም አሠራር ለሚያውቅ ማውስ ብቻ ነው። በሱቅ ደረሰኝ ፕሪንተርና በሚዛን ላይ የሚገኘው ባለ 9 እግር ሲሪያል መሰኪያ ደግሞ ባለ ቺፕ አዳፕተርና ለቺፑ የተሠራ ድራይቨር ይፈልጋል። ዊንዶውስ ለእንዲህ ያለው አዳፕተር ኮም 3 ወይም ኮም 4 እያለ ቁጥር ይሰጠዋል። አዳፕተሩ ተነቅሎ በሌላ ቀዳዳ ሲሰካ ቁጥሩ ሊለወጥ ይችላል፤ ያኔ ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሪንተር ዛሬ ዝም ይላል። በዲቫይስ ማኔጀር አዲሱን ቁጥር አይቶ የሽያጭ ፕሮግራሙ ውስጥ ማስተካከል፣ ወይም አዳፕተሩን ወደ ነበረበት ቀዳዳ መመለስ ይበቃል።

የግድግዳው መሰኪያም የዚሁ ሥራ አካል ነው። ባለ ሦስት እግሩን የኮምፒውተር ገመድ ባለ ሁለት እግር በሆነ መቀየሪያ መሰካት የኧርዙን መስመር ይቆርጣል። የብረት ሳጥኑ ሲነካ ውርር የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ኮምፒውተር ከፕሮጀክተር ጋር በገመድ ሲገናኝ የምስል መሰኪያውን ሊያቃጥል ይችላል። ኮምፒውተሩንም ፕሮጀክተሩንም ኧርዝ ካለው አንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት፣ የምስሉን ገመድ ደግሞ ሁለቱም ጠፍተው ሳለ ማገናኘት ይገባል።

አዳፕተር በአዳፕተር ላይ መቀጠል አይመከርም፤ በተጨመረ ቁጥር የሚላላ መገጣጠሚያ ይጨመራል፣ ብልሽቱ የት እንደሆነ መለየትም ይከብዳል። አዳዲስ ዕቃዎች አንድ በአንድ እየተሰኩ፣ እያንዳንዱ መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ ወደሚቀጥለው ይታለፋል።

አዳፕተር የሚመረጠው አልፎ አልፎ ለሚሰካ ዕቃ ነው። ዘወትር ለሚሠራበት ዕቃ ግን ሳጥኑን ከፍቶ በማዘርቦርዱ ላይ ክፍት የፒሲአይ ኤክስፕረስ ቦታ መኖሩን ማየት ይሻላል። እዚያ የሚገባ የዩኤስቢ ወይም የሲሪያል ካርድ ከጠረጴዛ ላይ አይወድቅም፣ በየቀኑ ተነቅሎ አይሰካም፤ ዴስክቶፕ ላፕቶፕን ከሚበልጥባቸው ነገሮችም አንዱ ይህ ነው።