«ምንም ባይደረግስ?»

በአሜሪካ አሮጌ የኤሌክትሪክ መስመር በፌዴራል መንግሥት ፈቃድ እንደገና ሲሠራ በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ ሊጠና ይችላል፤ በጥናቱም «ምንም ባይደረግስ?» የሚል ምዕራፍ አለ። የምንነቅፈው ይህንኑ ምዕራፍ ነው። የሚቈረጠው ዛፍና የሚቈፈረው ጕድጓድ በዝርዝር ሲጻፍ፥ መተው ግን ጉዳት የሌለበት ይመስል ብዙ ጊዜ በአጭሩ ይታለፋል። በካሊፎርኒያ በ1921 ገደማ (ዘመኑ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው) ከካሪቡ እስከ ፓሌርሞ በተዘረጋው መስመር ላይ ያልተለወጠ መንጠቆ በነፋስ ሲወዛወዝ ኖሮ፥ ተበልቶ በኖቬምበር 2018 ተሰበረ። እሳቱ 85 ሰዎች ገደለ፤ ፓራዳይዝ የምትባል ከተማ (ስሟ ገነት ማለት ነው) ዐመድ ሆነች። በ2023 ሕጉ ሲሻሻል አለመሥራት የሚያስከትለውም ጉዳት እንዲመረመር ታዘዘ። መልካም ነው፤ ነገር ግን በቢሮ ተቀምጦ መንጠቆ አይለካም። አጥኚዎቹ ምሰሶው ላይ ሰው ያውጡና፥ ያልተበላው ብረት ምን ያህል እንደቀረ በዚያው ምዕራፍ ይጻፉልን።