በሆምስ ጥላ የተጋረዱት የኮናን ዶይል ታሪኮች

አርተር ኮናን ዶይል (1859–1930 እ.ኤ.አ.) ሲባል ከሁሉ ቀድሞ በአንባቢ አእምሮ የሚመጣው ሼርሎክ ሆምስ ነው። በ1887 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ይህ መርማሪ ከጫማ ጭቃ፣ ከትንባሆ አመድና ከእጅ ጽሑፍ ተነሥቶ የተሰወረውን ይገልጣል። በእርሱ ዘንድ ያለ ምክንያት የሚደርስ ነገር የለም፤ መንፈስ መስሎ ያስፈራውም ሁሉ በመጨረሻ የሰው ሥራ ሆኖ ይገኛል። የደራሲው ዝና በዚህ መርማሪ ላይ በመመሥረቱ ግን ሙታን የሚመላለሱባቸው፣ ምትሐትና እውነት የሚቀላቀሉባቸው አጫጭር ታሪኮቹ ተጋርደው ቀርተዋል።

እነዚህን ታሪኮች የሚያውቁ ብዙዎች «ደራሲው በስተርጅናው በመናፍስት በማመኑ የጻፋቸው ናቸው» በማለት ያልፏቸዋል። የዘመን ቅደም ተከተሉ ግን ይህን አይደግፍም። ዶይል ከሙታን ጋር መነጋገር ይቻላል የሚለውን እምነቱን በይፋ ያወጀው በ1916 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ «የፖልስታር ካፒቴን» የተባለው ታሪኩ የታተመው ገና በ1883 እ.ኤ.አ.፣ ሆምስ ከመወለዱ በፊት ነው። መነሻውም የኑሮ ልምድ ነበረ፤ ዶይል የሕክምና ተማሪ ሳለ በ1880 እ.ኤ.አ. በዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ላይ በሐኪምነት ወደ ሰሜን ዋልታ ባሕር ተጉዞአል። በታሪኩ ውስጥ በበረዶ የታገተ መርከብ ካፒቴን የሞተች ፍቅረኛውን ጥላ ተከትሎ በበረዶው ላይ ይሮጣል፤ በኋላም ፊቱ በፈገግታ እንደ በራ ደርቆ ይገኛል። ተራኪው ሐኪም ግን አላመነም፤ አልካደምም። የታሪኩ ኃይል ያለው በዚህ ጥርጣሬ ነው።

በ1892 እ.ኤ.አ. የታተመው «የሐራጅ ቁጥር 249» ጉዳዩን ከግል ሐዘን አውጥቶ ወደ ታሪክ መድረክ ያመጣዋል። አንድ የኦክስፎርድ ተማሪ ከጥንታዊት ግብፅ መቃብር የወጣና በሐራጅ የተገዛ አስከሬን በክፍሉ ያኖራል፤ በምትሐት አስነሥቶም ጠላቶቹን እንዲያጠቃለት ያደርጋል። የሟቹ ስም አይታወቅም፤ ያለው መጠሪያ የሐራጁ ቁጥር ብቻ ነው። ታሪኩ የወጣው ብሪታንያ ግብፅን በ1882 እ.ኤ.አ. በጦር ከያዘች ከ10 ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። ሰው ወደ ሸቀጥነት ተለውጦ ቁጥር ሲለጠፍበት፣ ሸቀጡ ተነሥቶ በገዢው አገር ጎዳና ሲሄድ ይታያል። ይሁን እንጂ ደራሲው መፍትሔ ያደረገው አስከሬኑን ቆራርጦ ማቃጠልን ነው። ስሙን የሚጠይቅለት አንድም ሰው አልተገኘም።

ከሁሉም የላቀው በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው «ቡናማው እጅ» ነው። በሕንድ አገር ስመ ጥር የሆነ እንግሊዛዊ ሐኪም የአንድ አፍጋናዊ ድኻ ሕመምተኛ እጅ ይቆርጣል፤ በክፍያ ፈንታም እጁን ለስብስቡ ይወስዳል። ሕመምተኛው ከሞት በኋላ አካሉ ሙሉ መሆን እንዳለበት ስለሚያምን፣ ሲሞት እንዲመለስለት ተስማምቶ ይሰጣል። እጁ ግን በእሳት አደጋ ይጠፋል። ባለቤቱ ከሞተ ወዲህ ሐኪሙ በጡረታ በሚኖርበት የእንግሊዝ ገጠር ቤት በየሌሊቱ እየመጣ በጠርሙሶቹ መካከል ይፈልጋል። ይህ መንፈስ ደም አፍሳሽ አይደለም፤ ውል ይዞ የመጣ ባለ ዕዳ ጠያቂ ነው። ደራሲው ይህን ክብር ስለ ሰጠው ሊመሰገን ይገባል።

ዕዳው የተከፈለው ግን እንዴት ነው? የሐኪሙ ዘመድ የሆነ ወጣት ከለንደን ሆስፒታል የሕንዳዊ መርከበኛ የተቆረጠ እጅ ያመጣል። መጀመሪያ የመጣው ግራ እጅ በመሆኑ መንፈሱ በቁጣ ይጥለዋል፤ ቀኝ እጅ ሲመጣለት ግን ተቀብሎ፣ ለሐኪሙ እጅ ነሥቶ ይሄዳል። ወጣቱም የሐኪሙን ሀብት ይወርሳል። እንግዲህ የአንዱ ድኻ ዕዳ በሌላው ድኻ አካል ተከፈለ ማለት ነው። ለታሪኩ ቀኝና ግራ ይለያያሉ፤ አፍጋናዊና ሕንዳዊ ግን አይለያዩም። መርከበኛውን የጠየቀው የለም፤ ስሙም አልተነገረም።

ይህ ቅራኔ በደራሲው ሕይወትም ይታያል። በ1902 እ.ኤ.አ. አገሩ በደቡብ አፍሪካ ያካሄደችውን ጦርነት በመጽሐፍ ተከላከለ፤ በ1909 እ.ኤ.አ. ግን በኮንጎ ሕዝብ ላይ የተፈጸመውን ግፍ በሌላ መጽሐፍ አጋለጠ። ግፉን ያያል፤ ግፉን የወለደውን ሥርዓት ግን እስከ ሥሩ አይመረምርም።

በመጨረሻም ለኪነ ጥበብ ሰው የሚጠቅም አንድ ትምህርት አለ። ዶይል አማኝ ከሆነ በኋላ በ1926 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «የጉም ምድር» የተባለ ልብ ወለድ ስብከት ሆኖ ቀርቶአል፤ ገጸ ባሕርያቱ የሚኖሩት ለማሳመን ብቻ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. በወጣው «የሰሴክስ ደም መጣጭ» ግን ሆምስ እንደ ቀድሞው መንፈስን አይቀበልም፤ ለምሥጢሩም ሰብዓዊ ምክንያት ያገኝለታል። ደራሲው ያመነበትን በመርማሪው አፍ ባለማስገባቱ ገጸ ባሕርዩ ሕያው ሆኖ ኖረ። ጥያቄውን ክፍት የተወባቸው የቀድሞዎቹ ታሪኮች ዛሬም ይነበባሉ፤ መልሱን አስቀድሞ የያዘው መጽሐፍ ተረስቶአል። መምህራን «ቡናማው እጅን» ከአንድ የሆምስ ታሪክ ጋር አጣምረው ቢያስነብቡ፣ ተማሪው ወንጀለኛው ማን እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ዕዳው የማን እንደ ሆነና ማን እንደ ከፈለው መጠየቅን ይማራል።